ሃያ ሦስት ቁጥር፣ አራተኛ አልጋ

የሴቶች ዶርም ፕሮክተሯን ተማሪዎቹ እትዬ ኮቴ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ዛሬ የልጆች እናት የሆኑ የድሮ ተማሪዎች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ የገቡት ደግሞ እንደ አልጋና ቁም ሳጥኑ ተረክበውት ይኸው እስካሁን አለ። እትዬ ኮቴ በብሎኩ መግቢያ ካለችው ጠረጴዛ ሳትነሳ፣ ቀና ብላም ሳታይ፣ ደረጃውን የሚወርደው ማን እንደሆነ በኮቴው ታውቃለች። «አንቺ አሥራ ሁለት ቁጥር፣ ትናንት መብራት ሳታጠፊ ነው የወጣሽው» ስትል፣ ሹልክ ልትል የነበረችው ልጅ ደንግጣ ትቆማለች። ልጆቹ ይሄ ጥንቆላ ነው ይላሉ። እሷ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ደረጃ ሥር ለተቀመጠ ሰው ይሄ ምኑም አይገርምም ትላለች።

የተማሪዎች ጉዳይ መመሪያ ግን ስለ ኮቴ የሚለው ነገር የለውም። መመሪያው ፕሮክተር በየጠዋቱ ከክፍል ክፍል እየዞረች፣ በር አንኳኩታ፣ እያንዳንዱን አልጋ በዓይኗ አይታ፣ ተማሪዋ ካለች ምልክት፣ ከሌለች ጭረት ታድርግ፣ ከታችም ትፈርም ነው የሚለው። እትዬ ኮቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አድርጋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን፣ መቼ እንደጀመረች እሷም በውል አታውቀውም፣ ደረጃ መውጣቱን ተወችው። ጉልበቷን አሟት አይደለም። ሰነፈችም አይባልም፤ ኮሪደሩን እንደ ድሮው ታስጠርጋለች፣ የተሰበረ መስኮት እስኪጠገን ድረስ የጥገና ክፍሎቹን መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣለች። ብቻ በር አንኳኩቶ የሰው ፊት ማየት የሚባለው ነገር እርም ሆነባት። ኮቴው ሲወርድ ትሰማለች፣ ምልክት ታደርጋለች፣ ትፈርማለች። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ፤ የጠየቃትም የለም።

ከተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት የመጣው ወረቀት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ያለፈውን ወር የዶርም መዝገብ ይዘው ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይቅረቡ ይላል። መዝገቡን በፌስታል ጠቅልላ ሄደች።

የዲኑ ቢሮ ጠባብ ነው። ፋይሉ ከመደርደሪያው ሞልቶ ወለሉ ላይ ወርዷል፤ ከወለሉም ተርፎ አንዱን የእንግዳ ወንበር ይዟል። በቀረው ወንበር ላይ አንድ ቀጭን ሰውዬ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊ መሆኑን ማንም ሳይነግራት አወቀች፤ የኮቱ ኮሌታ ላይ ክር ያንጠለጠሉ ሁለት መርፌዎች ተሰክተዋል፣ ሱሪው ላይም የሰው ልብስ ብጥስጣሽ ክር ተለጣጥፎበታል። አንድ የፕላስቲክ ማኅደር ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ይዞታል። እትዬ ኮቴን ሲያይ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት።

«እትዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» አለ ዲኑ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። «ሃያ ሦስት ቁጥር፣ አራተኛ አልጋ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለሦስት ፈተና አልተቀመጠችም። እኚህ አባቷ ናቸው፤ ታማ ነበር ብለው የሐኪም ወረቀት አምጥተዋል። ወረቀቱ በወሩ በአምስተኛው ቀን ሆስፒታል ገብታ በሃያ አምስተኛው ወጣች ይላል። የእርስዎ መዝገብ ምን እንደሚል እንየው እስቲ።»

መዝገቡን ከፌስታሉ አውጥታ ሰጠችው። ዲኑ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በጣቱ መስመሩን ተከተለ። ከአምስት ጀምሮ እስከ ሃያ አምስት፣ በአራተኛዋ አልጋ ትይዩ፣ ምልክት፣ ምልክት፣ ምልክት። አንድም ጭረት የለም።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲህ» አለ ዲኑ ወደ አባትየው ዞሮ፣ «የታመመ ተማሪ ፈተናው ይያዝለትና በሚቀጥለው ሴሚስተር ይቀመጣል። ግቢ ውስጥ እያለ ያልተፈተነ ይሰናበታል። ሳይታመም የሐኪም ወረቀት ያመጣ ግን ሐሰተኛ ሰነድ አቅርቧል ተብሎ ይከሰሳል። ከዚያ በኋላ የትኛውም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አይቀበለውም። ሐሙስ ኮሚቴው ይቀመጣል።»

ልብስ ሰፊው ማኅደሩን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። «ጌታዬ፣ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነው። ሃያ ቀን ሙሉ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ያደርኩት እኔ ነኝ። ስምንተኛው ቀን ላይ ደብዳቤ ልኬያለሁ።»

«ደብዳቤዎ ደርሷል። ክርክሩ ከመዝገቡ ጋር ነው።»

ሰውዬው ወደ እትዬ ኮቴ ዞረ። ድምፁ ውስጥ ቁጣም አሽሙርም አልነበረም፤ የጠፋበትን ነገር የሚያፈላልግ ሰው ድምፅ ነው። «እናቴ፣ እርስዎ በነዚያ ቀናት ልጄን እዚህ አይተዋታል? ካዩዋት ይንገሩኝ። እኔም እንግዲህ ራሴን ልጠርጥር።»

እትዬ ኮቴ ስለ አራተኛዋ አልጋ አሰበች። ፊት አልመጣላትም። የመጣላት ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ነው፤ ደረቅ ሶል ያለው ጫማ፣ ከሌሎቹ አምስት ደቂቃ ቀድሞ የሚወርድ። ያ ኮቴ በዚያ ወር እሷ ጠረጴዛዋ ላይ በተቀመጠችበት ጠዋት ሁሉ እንዳልቀረ እንጀራዬን ያሳጣኝ ብላ ልትምል ትችላለች።

«ስትወርድ ሰምቻታለሁ» አለች።

ዲኑ «ነበረች» ብሎ ጻፈ።

ከቢሮው ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አረፍ አለች። ልብስ ሰፊው ተከትሏት ወጥቶ ትንሽ ቆመና፣ እንደ ማፈር ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ ዓይኑ የሥራ ካፖርቷ ኪስ ላይ ዐረፈ። ኪሱ ሰላሳ ስድስት ቁልፍ ሲሸከም ኖሮ በአንድ ጎኑ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ኪስ ሲሰፋ በነጠላ ክር ነው የተሰፋው» አለ። «የሰፋው ሰው ቸኩሏል። ይፍቀዱልኝ።»

«ግድ የለም፣ ይተዉት።»

«እጄ ሥራ ሲፈታ አልወድም።» ካፖርቱን ሳያስወልቃት፣ ከኮሌታው አንዱን መርፌ ነቅሎ፣ ክሩን አጥፎ ድርብ አደረገውና ዝቅ ብሎ ይሰፋ ጀመር። ስፌቱ ደቃቅና እኩል ነው። በየመሀሉ ይናገራል፤ ለሷ ይሁን ለኪሱ አይለይም። «ከቤታችን የመጀመሪያዋ ናት። እኔ ስሜን ነው የምጽፈው፣ እናቷ ያንንም አልታደለችም። አሁን ስትመጣ ምን እላታለሁ? ውሸታም ተብለሻል ልበላት?» ክሩን በጥርሱ በጠሰና ኪሱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «አሁን ድንጋይ ቢጭኑበትም አይቀደድ።»

እትዬ ኮቴ አመሰገነችው። ሰው ለበደለው ሰው ኪስ ሲሰፋ ማየት አንጀት የሚበላ ነገር ነው፤ የሷ አንጀት ግን አልላወስ አለ። መበላሸቱን ታውቃለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ታላቅ እህቷን ስትቀብር እንኳ እንዲሁ ነበረች፤ ለቀስተኛው «ይቺ ሴት እንባዋን የት አኖረችው?» ብሎ ሲንሾካሾክ ሰምታለች። እሷም በሆዷ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቃ ነበር።

ወደ ብሎኩ ስትመለስ በጠረጴዛዋ አለፈችና ደረጃውን ወጣች። ሃያ ሦስት ቁጥርን አንኳኳች። ውስጥ የነበሩት ሦስት ልጆች እሷን በራፋቸው ላይ ሲያዩ እሳት የተነሳ መስሏቸው ተነሱ። አራተኛዋ አልጋ በመስኮቱ በኩል ናት፤ ፍራሹ ተጠቅሎ ላዩ ላይ መጻሕፍት ተደርድረውበታል። ከሁለተኛዋ አልጋ ሥር ጥቁር ጫማ አየች። ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ ሶሉን በወለሉ ላይ መታ አደረገችው። ቋ።

«የማን ነው?»

«የ… የሷ ነው እትዬ» አለች የሁለተኛዋ አልጋ ልጅ፣ የተቆጣቻት መስሏት። «የኔ ተረከዙ ሲገነጠል 'እኔ ወደ ቤት በነጠላ ጫማ ነው የምሄደው፣ አንቺ አድርጊው' ብላኝ ነው። አልሰረቅኩም።»

«መቼ ነው የሄደችው?»

«ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በአራት። ሰኞ እመለሳለሁ ብላ ነበር፤ ታመመች።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

ልጆቹ ተያዩ። «እርስዎ በየቀኑ ይመዘግቡ የለም እንዴ?» አለች አንዷ። «የሚያውቁ መስሎን ነው።»

እትዬ ኮቴ ጫማውን እንደያዘች ቆመች። የሆነ ነገር እስኪሰማት ጠበቀች። ሃፍረትም ቢሆን፣ ፍርሃትም ቢሆን አትጠላም ነበር። ምንም አልመጣም። ጫማውን ከነበረበት መልሳ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወረደች።

የብሎኩ ዘበኛ ነገሩን ሁሉ ሲሰማ በርጩማውን ወደ ጠረጴዛዋ አስጠጋ። በዚህ ግቢ እሷን የሚያህል ዕድሜ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ምክሩንም ሳይጠየቅ ነው የሚሰጠው። «ስሚኝ እህቴ፣ ዝም አይነቅዝም። ጡረታሽ ስምንት ወር ነው የቀረው። ሳላይ ፈረምኩ ካልሽ በዚያው ቀን ቤቱንም ሥራውንም ያስለቅቁሻል። ቤቱ ያንቺ መሰለሽ እንዴ? የዩኒቨርሲቲው ነው። ከሥራ ስትወጪ ከነድስትሽ ነው የምትወጪው።»

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷ ታሳዝናለች፤ አታሳዝንም አላልኩም። ግን ልጅ ናት፣ ሌላ መንገድ አታጣም። ዲኑም ቢሆን ሐሙስ ያልፍና ሌላ ፋይል ይከፍታል። እሱ እንደሆን ትናንት የበላውን አያስታውስም።»

«እሱማ ይረሳል» አለች እትዬ ኮቴ።

ሐሙስ ኮሚቴው ሲቀመጥ ዲኑ በመሀል፣ ሁለት መምህራን በግራና በቀኙ ነበሩ። አንደኛው የሕግ መምህር ነው፣ መመሪያውን ፊቱ ላይ ዘርግቶታል፤ ሁለተኛው ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ልብስ ሰፊው በር ላይ ካለች ወንበር ተቀምጧል። ልጅቷ ገና ስላልጠናች አልመጣችም።

እትዬ ኮቴ ሳትቀመጥ ተናገረች። አላየኋትም፣ ኮቴዋን ነው የሰማሁት፣ ኮቴውም የሷ አልነበረም፣ ጫማዋን ሌላ ልጅ አድርጋው ነው አለች። አራት ዓመት ሙሉ ደረጃ እንዳልወጣችም አልደበቀችም።

የሕግ መምህሩ ፈገግ አለ። ክፋት የሌለበት ፈገግታ ነበር፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። «እትዬ፣ አባትየው አንጀትዎን በልተውት ነው። ይገባኛል፣ እርስዎም እናት ነዎት።»

እትዬ ኮቴ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። በሕይወቷ አንጀቷን መበላት እንደዚህ ተመኝታ አታውቅም።

«ነገር ግን» አለ መምህሩ፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? አንቀጽ ሰላሳ አንድን ልንገርዎ። የተፈረመ የዶርም መዝገብ በቃል ምስክርነት አይስተባበልም። ነገ እያንዳንዱ ፕሮክተር ያሳዘነው ተማሪ ባየ ቁጥር ፊርማዬን ረስቼዋለሁ ቢል፣ ይሄ ዩኒቨርሲቲ በምን ይተዳደራል?»

«በወረቀትስ ይስተባበላል?»

መምህሩ መመሪያውን አየ። ዲኑንም አየ። «ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በወጣ፣ ማኅተም ባረፈበት ሰነድ… አዎ። ከየት ይመጣል እንጂ!»

«ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ።»

የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ ከታች ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የእትዬ ኮቴን ፋይል ከመደርደሪያው ጥግ አውጥታ አቧራውን በክንዷ ጠረገችው። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ቀጭን መሆኑ ሁለቱንም አስገረማቸው። የምትፈልገው ወረቀት ከላይ ነበር። እትዬ ኮቴ ቅጂውን ማኅተም አስደርጋ፣ አጥፋ፣ በተሰፋው ኪሷ ከተተችው።

ኮሚቴው ፊት ወረቀቱን ከመዝገቡ ጎን ዘረጋችው። «ይሄ ያለፈው ወር ፈቃዴ ነው። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። አገር ቤት ነበርኩ፤ ከዚህ የስምንት ሰዓት መንገድ። አሁን መዝገቡን እዩት።»

ሦስቱም አጎነበሱ። በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት ረድፍ፣ መቶ አርባ አራት አልጋ ሙሉ ምልክት ተደርጎበታል፤ ከሥሩም ያው ፊርማ።

«ተተኪ እንደማይልኩ ስሄድም አውቄያለሁ፤ አልላኩምም። ስመለስ ሦስቱ ረድፍ ባዶ ነበር፤ ባዶ ረድፍ ደግሞ ያስጠይቃል። ቁጭ ብዬ ሞላሁት። እንግዲህ ወይ ፈቃዱን የፈረማችሁት እናንተ ዋሽታችኋል፣ ወይ እኔ ዋሽቻለሁ። ሌላ ሦስተኛ የለውም።»

የቃለ ጉባኤ ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይሄ እርስዎን ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ?» አለ የሕግ መምህሩ። አሁን ፈገግታው የለም።

«መመሪያው እኔም ጋ አለ። መሳቢያዬ ውስጥ።»

ዲኑ ግን ሌላ ነገር እያነበበ ነበር። ጣቱ የፈቃድ ምክንያት ከሚለው መስመር ላይ ቆሟል። «እህትዎ ሞተው ነው?» አለ በዝግታ። «አልሰማንም እኮ። ታላቅዎ ነበሩ?»

«ያሳደገችኝ ናት» አለች እትዬ ኮቴ።

የቀብሩ ዕለት ከጉድጓዱ ዳር ቆማ ምን ስታስብ እንደነበር ድንገት ትዝ አላት። አፈሩ ሲመለስ እሷ የምታስበው ስለ ሦስቱ ባዶ ረድፎች ነበር። ጸጉሯን የጎነጎነች፣ ትምህርት ቤት ያስገባች፣ በብርድ ገላዋን በገላዋ ያሞቀች እህቷ ወደ መሬት ስትወርድ፣ እሷ ስመለስ በየትኛው እስክሪብቶ ልሙላው እያለች ነበር። እንባዋ መጣ። በዲኑና በሁለት መምህራን ፊት ቆማ፣ ሳትሸፍነው፣ እህቷን አለቀሰቻት። ልብስ ሰፊው ብቻ ከበሩ ተነስቶ መጥቶ ወንበር አቀረበላት።

ውሳኔው በሳምንቱ በሁለት ደብዳቤ ወጣ። በአንዱ የልጅቷ ፈተና ተይዞላት በሚቀጥለው ሴሚስተር እንድትመለስ ተባለ። በሌላው እትዬ ኮቴ ያልተፈጸመን ቁጥጥር እንደተፈጸመ አድርጋ በመፈረሟ ከሥራ ተሰናበተች፤ ሴሚስተሩ ሲከፈት ቁልፉንም ቤቱንም ታስረክባለች። ልብስ ሰፊው ደብዳቤውን ሊወስድ የመጣ ዕለት ጠረጴዛዋ ድረስ ሄዶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ኪሴን እንዲያ አጠንክረው ሰፍተውልኝ» አለችው፣ «የምጭንበትን ቁልፍ ላጣ ነው።»

ሰውዬው ለመሳቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

ሴሚስተሩ በተከፈተ ማግስት እትዬ ኮቴ ብሎኩን ለአዲሷ ፕሮክተር አስረከበች። ሰላሳ ስድስቱን ቁልፍ ቆጥራ ሰጠቻት፤ ፍራሽ፣ ቁም ሳጥን፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ሁሉንም አስፈረመቻት። አዲሷ ፕሮክተር ፈጣን ልጅ ናት፤ ጠረጴዛውንም ወንበሩንም ገና ከአሁኑ ተላምዳዋለች። እትዬ ኮቴ ሻንጣዋን አንጠልጥላ አጠገቧ ቆማ፣ የሚገቡትን ተማሪዎች ኮቴ በልማድ ትሰማለች።

ከመሀል አንዷ ኮቴ አልነበራትም። ለስላሳ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ ጠረጴዛው ፊት ስትደርስ ነው መኖሯ የታወቀው። አንድ እጇ ቦርሳ ይዟል፣ በሌላው እጇ የቀኝ ጎኗን ደገፍ አድርጋለች።

«ሃያ ሦስት ቁጥር፣ አራተኛ አልጋ» አለች።

አዲሷ ፕሮክተር እንዳጎነበሰች ስሙን በጣቷ ፈልጋ አገኘችው። «እሺ፣ ግቢ» አለችና እስክሪብቶዋን ወደ መዝገቡ ሰደደች።

እትዬ ኮቴ ልጅቷን አየቻት። አገጯ እንደ አባቷ ሹል ነው። ቅንድቧ ላይ ትንሽ የቆየ ጠባሳ አለ። ከሕመሙ የተነሳ ፊቷ ገርጥቷል፣ ዓይኗ ግን ንቁ ነው። ልጅቷም አሮጊቷ ለምን እንዲህ ትክ ብላ እንደምታያት ግራ ገብቷት ፈገግ አለች። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በዚህ ጠረጴዛ ፊት ወጥታ ገብታለች፤ አንድ ቀን እንኳ ተያይተው አያውቁም።

እትዬ ኮቴ ሻንጣዋን አስቀመጠችና እስክሪብቶውን የያዘውን እጅ ከነእስክሪብቶው ያዘችው።

«ቆይ» አለች። «መጀመሪያ ቀና ብለሽ እያት።»